ቀጣዩ የመድኃኒት መላመድ አገራዊ ዕቅድ ስለ ፋርማሲ መስኮታችን ምን ይበል?

የቸርችሏ ፋርማሲስት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ከቸርችል ጎዳና ወደ ላይ፣ ፒያሳ ሳይደረስ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ የገጠመኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ አባት ባዶ የአሞክሳሲሊን እስትሪፕ ይዘው መጡ። "የኔ ልጅ፣ ከዚችው 6 ፍሬ ስጪኝ" አሉኝ። ለማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ለልጅ ልጃቸው ነው። 4 ዓመቷ ነው፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ንፍጥና ሳል ይዟታል። ትኩሳቷ ወርዷል፣ ትበላለች፣ ትጫወታለች። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ እንደሆነ፣ አሞክሳሲሊን ደግሞ ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ እንደማይነካ አስረዳኋቸው። የአዋቂ ካፕሱል ከፍቶ ለልጅ በግምት ማካፈል አደጋ እንዳለውም ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ "እግዜር ይስጥሽ፣ እንግዲያው ከማዶ ይሸጡልኛል" ብለው ወጡ። ቆሜ አየኋቸው፤ መንገዱን ተሻገሩ።

እኔ ብቻዬን እምቢ ማለቴ ያተረፈው ነገር ቢኖር እሳቸውን 40 እርምጃ ማስኬድ ነው።

አገራችን በመድኃኒት መላመድ ጉዳይ ዕቅድ አጥታ አታውቅም። የመጀመሪያው ማዕቀፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 ጄኔቫ ላይ ዓለም አቀፉን የድርጊት መርሐ ግብር አጽድቆ አገራት በሁለት ዓመት ውስጥ የየራሳቸውን እንዲያወጡ ሲጠይቅ፣ እኛ በዚያው ዓመት ሁለተኛውን ስትራቴጂ አወጣን። ሦስተኛው ከ2021 እስከ 2025 ነበር፤ የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ አድርጎ የያዘ ነው። ያም ዘመኑ አለፈ። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ እንደማይፈቀድ ደግሞ ከሙያችን ሰው የማያውቅ የለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የሚቀጥለው ዕቅድ ሲጻፍ፣ እኔና ከማዶ ያለው ባልደረባዬ ለእኚያ አባት አንድ ዓይነት መልስ እንድንሰጥ የሚያደርግ ምን ነገር ይግባበት? ከልባችሁ ንገሩኝ።

---

መንገደኛ ከአራት ኪሎ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

እህቴ፣ እኔ የጤና ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ አሞክሳሲሊን ብዙ ጊዜ ስለወሰድኩ "ሰውነቴ ለምዶታል፣ አይሠራልኝም" እያልኩ ነው የምኖረው። ይኼ ነው መላመድ የምትሉት?

---

የቸርችሏ ፋርማሲስት · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:12

ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። የሚላመደው ጀርሙ ነው፤ ሰውነትህ አይደለም። መድኃኒቱ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ሲገድል፣ በአጋጣሚ መቋቋሚያ ያላቸው ይተርፉና ይራባሉ። አንዳንዶቹ መድኃኒቱን የሚበጣጥስ ኢንዛይም ይሠራሉ፣ ሌሎቹ የገባውን መልሰው ወደ ውጭ ይገፋሉ። ከሁሉ የሚከፋው፣ ይህን ችሎታ የያዘውን የዘር ቁራጭ ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ጭምር ማቀበል መቻላቸው ነው። ስለዚህ አንተ አንድም ቀን አንቲባዮቲክ ሳትወስድ የተላመደ ጀርም ከሌላ ሰው፣ ከውኃ ወይም ከሆስፒታል አልጋ ሊይዝህ ይችላል። "የኔ ጉዳይ ነው፣ በገንዘቤ ነው የገዛሁት" የማይባለውም ለዚህ ነው።

---

የጨቅላዎች ሐኪም · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

ከተረኝነት መልስ ነው ያነበብኩት። በመሀል ከተማ ባለ ሆስፒታል ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው። እኛ ጋ ጉዳዩ እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ።

ገና የተወለደ ሕፃን ደሙ ሲመረዝ በመጀመሪያ የምንሰጠው አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ነው። ርካሽ ናቸው፣ ለብዙ ዓመታት ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። ዛሬ ግን ክሌብሲዬላ የሚባለው ባክቴሪያ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ሁለቱንም ይንቃቸዋል። ወደ ሴፍትሪያክሶን ዓይነቶቹ ብንሄድ እነሱንም ተላምዷል። ከዚያ የሚቀረው ሜሮፔኔም ነው። አንድ ሌሊት መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ አልነበረም። ለአባትየው ማዘዣ ጻፍኩለት። ገና 20 ዓመት ቢሆነው ነው። ከተክለ ሃይማኖት እስከ ስታዲየም፣ ከዚያ እስከ ሜክሲኮ በእግሩ ሲዞር አደረ። ንጋት ላይ ለሁለት ቀን የሚበቃ ይዞ መጣ፤ ለቀሪው ቀን የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። እኛ ሠራተኞቹ አዋጥተን ሞላንለት። ያ ልጅ ተርፏል። ያልተረፉት ስም ግን ልቤ ውስጥ አለ።

በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት ሞቷል፤ መላመዱ ድርሻ የነበረበት ሞት ሲቆጠር 4.95 ሚሊዮን ይደርሳል። ከሰሀራ በታች ያለው አፍሪካ ሸክሙ ከከበደባቸው አካባቢዎች ዋናው ነው።

እህቴ ፋርማሲስቷ፣ መስኮትሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ዕቅዱ ከመስኮቱ አይጀምር። ከእጅ መታጠቢያ ይጀምር። እኔ የሠራሁበት አንድ ክፍል ለ30 ሕፃናት አንድ ቧንቧ ነበረው፤ ውኃ በፈረቃ። ያልተያዘ ሕፃን አንቲባዮቲክ አይፈልግም።

---

ቀጥታ ተናጋሪ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ሁላችሁም የምትሉት ልክ ነው፤ የምትናገሩት ግን ካርድ ማውጫና ምርመራ መክፈል ስለሚችል ሰው ነው። እኔ ጎማ ቁጠባ አካባቢ የቀን ሥራ ነው የምሠራው። ጤና ጣቢያ ለመሄድ ግማሽ ቀን ተሰልፌ መዋል አለብኝ፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ደሞዝ የለም። ግል ክሊኒክ ብሄድ ለካርድ፣ ለደም፣ ለሽንት፣ ለሰገራ ከፍዬ መጨረሻ ላይ የሚታዘዝልኝ ያው ሲፕሮ ነው። ታዲያ በቀጥታ ብገዛው ምኑ ላይ ነው ጥፋቴ? ያለ ማዘዣ አይሸጥ የሚል ዕቅድ ብቻ ከወጣ እኔን ከመድኃኒት ነው የሚያርቀኝ።

---

የቸርችሏ ፋርማሲስት · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:00

ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፤ በዓለምም አንቲባዮቲክ አጥቶ የሚሞተው ሰው ብዙ ነው። ያንተን ጥያቄ የማይመልስ ዕቅድ እኔም አልፈልገውም።

---

ካልቸር አንባቢ · ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:15

የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። "መጨረሻ ላይ የሚታዘዝልኝ ያው ሲፕሮ ነው" ያለው ወንድማችን ሳያውቀው ዋናውን ቁስል ነክቷል። ሐኪሙም ቢሆን ብዙውን ጊዜ እየገመተ ነው የሚያዝዘው።

አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" ሳይባል አይወጣም። ምርመራው ዊዳልና ዌል ፊሊክስ የሚባለው ነው። ዊዳል የሚያየው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ከዓመታት በፊት ታሞ የዳነ፣ ወይም ሌላ ተቀራራቢ ጀርም የነካው ሰው ሁሉ ሊያሳይ ይችላል። በሽታው በብዛት ባለበት አገር አንድ ጊዜ በተደረገ ዊዳል ብቻ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ርካሽ ነው፣ በ15 ደቂቃ ይደርሳል፣ ታካሚውም "አገኙልኝ" ብሎ ረክቶ ይሄዳል። ስንት ሺህ ሰው በዚህ ወረቀት ሲፕሮ እንደዋጠ አስቡት።

እውነተኛው ምርመራ ካልቸር ነው። ደሙ በልዩ ጠርሙስ ይወሰዳል፣ ይቆያል፣ ባክቴሪያው ሲበቅል ተለይቶ ሳህን ላይ ይዘራል፣ በላዩ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ዲስኮች ይደረደራሉ። በማግስቱ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ በሚሊሜትር እለካለሁ። ክቡ ሰፊ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል፤ ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ጠርዝ ከበቀለ አይሠራም። ከሁለት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። አንድ ዲስክ ሲያልቅ ወይም ጊዜው ሲያልፍበት ደግሞ የዚያን መድኃኒት ውጤት ባዶ እተዋለሁ፤ ሐኪሙ ያንን ባዶ ቦታ አይቶ ነው የሚወስነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አገራዊውን የመላመድ ቅኝት በ4 ላብራቶሪዎች ሲጀምር የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ሰልጥኗል። አሁን የጎደለን ተከታታይነት ነው። ጠርሙሱ መጥቶ ዲስኩ ይቀራል፤ ዲስኩ መጥቶ መብራት ይጠፋል። ዕቅዱ "የላብራቶሪ አቅም ይጠናከራል" ብቻ ካለ ለእኔ ምንም አላለኝም። "በዚህ ሆስፒታል የደም ካልቸር ጠርሙስ ከዚህ በላይ ቀን እንዳይጠፋ፣ ተጠያቂው እገሌ" ካለ ግን ነገ ጠዋት ሥራዬ ይለወጣል።

---

እናት ከስድስት ኪሎ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

የጨጓራ ባክቴሪያስ? እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያንን የ14 ቀን መድኃኒት ጨርሻለሁ። በጨረስኩ ቁጥር በደም ስመረመር "አሁንም አለ" ይሉኛል። አፌ እየመረረኝ፣ ሆዴ እየተገለበጠ ነው የወሰድኩት።

---

ካልቸር አንባቢ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

እህቴ፣ የደም ምርመራው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ "አለ" እያለ ሊቀጥል ይችላል፤ እንደ ዊዳሉ ፀረ እንግዳ አካልን ስለሚያይ ነው። መጥፋቱን ማረጋገጥ የሚቻለው በሰገራ የአንቲጂን ምርመራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ነው። እሱም ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ፣ አንቲባዮቲክም ሳይወሰድ መሆን አለበት። አራተኛ ዙር ከመጀመርሽ በፊት ይህን ለሐኪምሽ ንገሪ። ምናልባት ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ጨርሶ አያስፈልግሽም ነበር።

---

እናት ከስድስት ኪሎ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

እስከ ዛሬ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

የዕቅድና በጀት ሰው · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቅድ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ልጆቼ፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የምታውቁትን ሁሉ በዕቅድ ቋንቋ ላስቀምጥላችሁ ልሞክር።

እ.ኤ.አ. በ2023 ማብቂያ ላይ 178 አገሮች ብሔራዊ ዕቅድ አውጥተው ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገው የአገራት ግምገማ ዕቅዳችንን በሚገባ እየተገበርን ነው ያሉት 27 በመቶ፣ ከራሳቸው በጀት ገንዘብ የመደቡለት ደግሞ 11 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ዕቅዱ የሚጻፈው በባለሙያ ነው፣ የሚታተመው በአጋር ድርጅት ገንዘብ ነው፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ሰው ግን ስብሰባው ላይ አልነበረም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሐምሌ በጀት ሲከፈት ለዕቅዱ የሚሆን መደብ የለውም።

ፕሮጀክት ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ከራሳችን ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት አለ። ፋርማሲስቶች የታዘዘውን አንቲባዮቲክ በየዕለቱ እየገመገሙ ለሐኪሞቹ ምክር ይሰጡ ነበር። ከታዘዘው ግማሽ ያህሉ እንደማያስፈልግ ታየ። ክትትሉ ሲቆም አጠቃቀሙ ተመልሶ ጨመረ። እኔን የሚያስቆጨኝ ሁለተኛው ክፍል ነው። የሚሠራውን ነገር አግኝተነዋል፤ የሚከፍልለት መደብ ግን አላበጀንለትም።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የአገር መሪዎች በ2030 ከመላመድ ጋር የተያያዘውን ሞት በ10 በመቶ ለመቀነስ፣ 60 በመቶ አገሮችም ገንዘብ የተመደበለት ዕቅድ እንዲኖራቸው ለመሥራት ቃል ገብተዋል። ለዚህ ማስጀመሪያ 100 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰባሰብም ተስማምተዋል። ለመላው ዓለም ሲካፈል ትንሽ ነው። ሐኪሟ ያነሳችው የውኃ ነገርም አለበት፤ ሁሉም የጤና ተቋማት መሠረታዊ የውኃና የንጽሕና አገልግሎት እንዲኖራቸው ይላል።

ታይላንድን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2021 በነበረው ዕቅዷ በመላመድ የሚመጣውን ሕመም በ50 በመቶ፣ በሰው ላይ ያለውን አጠቃቀም በ20 በመቶ፣ በእንስሳት ላይ ያለውን በ30 በመቶ ለመቀነስ ብላ ቁጥር አስቀመጠች። ቁጥር ያለው ዕቅድ ሲጓደል ይታያል፤ "ግንዛቤ ይፈጠራል" የሚል ዕቅድ ግን መጓደሉም አይታወቅም።

እኔ ብጠየቅ ቀጣዩን ዕቅድ አጭር አደርገው ነበር። የካልቸር ጠርሙስና ዲስክ እንደ መድኃኒት ሁሉ በመደበኛው የአቅርቦት ዝርዝር ይግባ። የጤና መድኅን ለካልቸር ይክፈል። ዊዳልን በአንድ ጊዜ ምርመራ ብቻ ለሕክምና መነሻ ማድረግ ይቁም። ቀጥታ ተናጋሪው ወንድማችን ደግሞ ልክ ነው፤ ጤና ጣቢያ ከሥራ በኋላ የምሽት አገልግሎት ካልሰጠው ማዘዣ አምጣ ማለት ግፍ ነው። ሁለቱ ባንድ ቀን ካልጀመሩ ቁጥጥሩ ድሀውን ብቻ ነው የሚይዘው።

---

የከብት ሐኪም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:00

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። እኛን አትርሱን። ጡቷ ለቆሰለ ላም ኦክሲቴትራሳይክሊን ይወጋል፤ ማሸጊያው ላይ ወተቱ ለስንት ቀን መሸጥ እንደሌለበት ተጽፏል። አርቢው ግን ወተቱን ከደፋ የዕለት ገቢው ቀረ። ሲደፋ ያየሁት አርቢ ጥቂት ነው። የሚካስበት መንገድ ወይም የወተት ማኅበሩ የሚሸፍንበት ስምምነት ዕቅዱ ውስጥ ከሌለ ምክሬ ከንቱ ነው። ክትባት በወቅቱ ከደረሰንና በረቱ ንጹሕ ከሆነ ግን መርፌው ራሱ ይቀንሳል።

---

ከመስኮቱ ወዲያ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:50

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን ወስዶብኛል። እኔ የምሸጠው ነኝ። የቸርችሏ እህቴ ያየችው እኔን ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ግን በየቀኑ እንደ እኚያ አባት ያሉ ሰዎች ይመጣሉ፣ እሰጣለሁ።

ትምህርቱን አውቀዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ምያለሁ። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ባለቤት ማታ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ሽያጩን ከትናንት ጋር ያወዳድራል። አንድ ወር አዚትሮማይሲንና ሴፍትሪያክሶን ያለ ማዘዣ አልሰጥም ብዬ ነበር። "ደንበኛ እያባረርክብኝ ነው" ተባልኩ። ኪራይ አለብኝ፣ እናቴን እጦራለሁ። ተመልሼ መሸጥ ጀመርኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ አሞክሳሲሊንና ዶክሲሳይክሊን በመጀመሪያው፣ አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮና ሴፍትሪያክሶን ጥንቃቄ በሚሹት፣ እንደ ኮሊስቲን ያሉት ደግሞ ለመጨረሻ በሚጠበቁት ውስጥ ናቸው። ዕቅዱ በአንዴ ሁሉንም ዝጉ ከሚል፣ መጀመሪያ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምድብ በመላው ከተማ በአንድ ቀን ያጥብቅ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚጠይቀው እኔን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱን ይሁን። የገባው ብዛት ከደረሰኙ፣ የወጣው ከማዘዣው ጋር ይመሳከር። ያኔ "ሕግ ነው ጋሼ" ብዬ ለባለቤቱም ለደንበኛውም መልስ ይኖረኛል። አሁን ያለኝ ኅሊናዬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ኪራይ አይከፍልም።

---

የቸርችሏ ፋርማሲስት · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:30

ወንድሜ፣ ቅሬታዬን ወደ ማዶ ስወረውር አንተን አላሰብኩህም ነበር። ይቅርታህን እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር እንሥራ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ በደብተር መያዝ ጀምሬያለሁ፦ ያለ ማዘዣ የተጠየቀው መድኃኒት፣ ለምን ሕመም እንደሆነ፣ ለምን ጤና ተቋም እንዳልሄዱ። ስም አልጽፍም። አንተም ብትሸጥም ባትሸጥም ያዝ። ሌሎችም ከመርካቶ፣ ከካሳንቺስ፣ ከልደታ ካላችሁ ያዙ። ሦስት ወር ሲሞላ ደብተሮቹን አንድ ላይ አድርገን ለሙያ ማኅበራችን እንስጥ፤ ቀጣዩ ዕቅድ ሲዘጋጅ መስኮቱ ላይ ስለሚሆነው ነገር በግምት እንዳይጻፍ።

---

ከመስኮቱ ወዲያ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:15

እይዛለሁ። ግን አንድ ፍርሃት አለኝ። ሕፃን ይዘው ሲመጡ እምቢ ብዬ ብመልስና ልጁ የሳንባ ምች ኖሮበት ቢሞትስ? ብዙ ጊዜ እጄን የሚፈታው እሱ ነው። እኛ መስኮት ላይ በምን እንለይ?

---

የጨቅላዎች ሐኪም · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:05

ፍርሃትህ ትክክል ነው፣ መለያውም ቀላል ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ እናቱ ልብሱን ገልጣ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ትንፋሹን ቁጠር። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲተነፍስ ደረቱ ከታች በኩል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም እንደዚያው። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ አንድ ሰዓትም አይቆይ። ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት ካለው ሳትቆጥር ላከው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የጡት ወተት፣ ሞቅ ያለ ፈሳሽ፣ አፍንጫን ማጽዳት፤ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት እንዲመለሱ ንገራቸው። ይህን በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፌ ነገ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ አትማችሁ መስኮቱ አጠገብ ስቀሉት።